ጣውንት የመጣባት ትራምፔት

ጂንካ ውስጥ ምስጢር የሚከልል አጥር እስካሁን አልታጠረም። ለሰፈራችን ትራምፔት ነፊ ከአዲስ አበባ ፍሉግልሆርን የተላከለት ዕለት፣ ካርቶኑ ገና ሳይከፈት እኛ ዋጋውን ገምተን፣ ተከራክረን፣ ጨርሰን ነበር። ሲከፈት ግን ሁላችንም ዝም አልን። የወጣችው ያችው ትራምፔት ናት፤ ትንሽ ወፈር ብላለች እንጂ። ልጁ «ቢ ፍላት ነው፣ ሦስት ፒስተን ነው፣ የጣት አነካኩም አንድ ነው» እያለ ሊያስረዳን ሞከረ። «አንድ ከሆነ ታዲያ ሁለት ምን ያደርግልሃል?» አለችው አንዷ ጎረቤታችን። ይህን ስትለው በአንድ እጇ ባለ ኢትዮ ቴሌኮሙን፣ በሌላው ባለ ሳፋሪኮሙን ስልኳን ይዛለች።

የአዲሷን መሣሪያ ስም መጥራት ስላቃተን አሮጌዋን «ቀጭኗ»፣ አዲሷን «ወፍራሟ» አልናቸው። ልዩነታቸውን ለማወቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት አላስፈለገንም፤ የጋሼን ቤት ማየት በቂ ነው። ጋሼ የድሮ ወታደር ናቸው። የቀጭኗ ቱቦ እስከ ደወሏ ድረስ ስፋቱ ብዙም ስለማይለወጥ ድምፅዋ እንደ ጦር ቀጥ ብሎ ይመጣል፤ ጋሼም ከእንቅልፋቸው ዘለው ይነሡና ጫማ ይፈልጋሉ። የወፍራሟ ቱቦ ገና ከመነሻው ጀምሮ እየሰፋ የሚሄድ ነው፤ ማውዝፒሷም ጠለቅ ያለ ስለሆነ ድምፅዋ ክብ ነው፣ ለስላሳ ነው። ወፍራሟ ስትነፋ ጋሼ ወንበር ላይ እንዳሉ ያንኮራፋሉ። ባለቤታቸው ማታ ማታ ወፍራሟን እንዲነፋ ልጁን በአጥር ቀዳዳ የሚለምኑት ሙዚቃ ወደው እንዳይመስላችሁ።

ችግሩ የጀመረው ከከንፈር ነው። ወፍራሟን ሲያለማምድ የከረመ ከንፈር ወደ ቀጭኗ ሲመለስ ላይኛው ኖታ አልወጣ ይለዋል፤ ቀጭኗ ላይ ብቻ ከከረመ ደግሞ ወፍራሟ ኩርፊያዋን በተዛባ ድምፅ ትገልጻለች። የሙያው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜህን ለትራምፔት ስጥ፣ መጨረሻ ላይ ከንፈርህን በፍሉግልሆርን አሳርፍ ይላሉ። ሰፈሩ ግን የሙያ ሰው ምክር መስማት ድሮም አይወድም፤ ጉዳዩ የጣውንት ነው፣ በጣውንት ደግሞ ሁላችንም ባለሙያ ነን። አንዱ እኩል ይከፈል አለ። አንዷ የመጀመሪያዋ መብት አላት ብላ ተቆጣች። እኔ በበኩሌ ረቡዕና ዓርብ ለወፍራሟ ይሁን፣ ለስላሳ ድምፅ ለጾም ቀን ይስማማል አልኩና ጭብጨባ አገኘሁ። ጭብጨባው ሳያልቅ አንድ ምቀኛ ሁዳዴን አስታወሰ። ቀጭኗ 55 ቀን ሙሉ ልትጾም ነው?

ልጁ ቢሮ ሠራተኛ ነውና መፍትሔውን የፈለገው በሚያውቀው መንገድ ነው። የልምምድ ዕቅዱን አውጥቶ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ሰንጠረዡ ያማረ ነው፤ ቀጭኗ በሰማያዊ፣ ወፍራሟ በአረንጓዴ፤ ዕቅድ፣ ክንውን፣ ያጋጠመ ችግር፣ የተወሰደ መፍትሔ የሚሉ አምዶች አሉት። ክንውን የሚለው ባዶ ነው፤ ሰንጠረዡን ሲያሰምር መሽቶበት። ያጋጠመ ችግር በሚለው ሥር «የጊዜ እጥረት» ይላል። የተወሰደ መፍትሔ፦ «ዕቅዱን መከለስ»።

ጋሼ ይህን ሲሰሙ አልቻሉም። ዕድሜያቸው ባይደርስበትም ስለ «አርባ ልጆች» የሚያወሩት ባቡር ጣቢያ ወጥተው እንደተቀበሏቸው አድርገው ነው። አልጋ ወራሽ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተው ያስመጧቸውን የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች ማለታቸው ነው፤ የቤተ መንግሥቱን ማርሽ የነፉት እነሱ ናቸው። «አርባ ሰው አንዳንድ መሣሪያ ይዞ አዲስ አበባን አንቀጠቀጠ፤ አንተ ብቻህን ሁለት ይዘህ እኔን መቀስቀስ አቃተህ!» ልጁ ስልኩን አውጥቶ መልስ ፍለጋ ዓለምን ዞረ። የጃዝ ትራምፔት ነፊው ማይልስ ዴቪስ በእነሱ አቆጣጠር በ1957 አንድ ሙሉ አልበም በፍሉግልሆርን ብቻ መቅረጹን አገኘ። ክላርክ ቴሪ ደግሞ ትራምፔቱን በአንድ እጁ፣ ፍሉግልሆርኑን በሌላው ይዞ እያፈራረቀ ራሱን በራሱ ያነጋግር ነበር። በዚያ ምሽት እሱም ሞከረ። ከግቢው የሰማነው ንግግር ሳይሆን ፍርድ ቤት ነው። ሙላቱ አስታጥቄም በወጣትነቱ ዌልስ ሲማር ትራምፔት ይነፋ እንደነበር፣ በኋላ ወደ ቫይብራፎን እንደዞረ ሲነግረን ባለ ሁለት ስልኳ ጎረቤታችን ቡናዋን እያስቀመጠች «ተፋታ ማለት ነው» አለች።

ባለፈው ልጁ ለሥራ ወደ ካራዎቹ መንደር ወደ ዱስ ሲወርድ ሁለቱንም ይዞ ሄደ፤ አንዷን ትቶ ቢሄድ ምን ልንል እንደምንችል ያውቃል። የሆነውን የነገረን ሾፌሩ ነው። መንገዳቸው በሐመር በኩል ነውና የከብት ዝላይ ካለበት ደረሱ። ሴቶቹ እግራቸው ላይ ቃጭል አስረው፣ የቆርቆሮ ጥሩንባቸውን እየነፉ ይጨፍራሉ። አንድ ጥሩንባ፣ አንድ ድምፅ፣ እረፍት የለም። የኛ ሰው ወርዶ አንዷን በአስተርጓሚ በቀን ምን ያህል እንደምትለማመድ ጠየቃት። እሷ ጥያቄው እስኪተረጎም እንኳ አልጠበቀችም፤ ነፋችበት።

ዱስ ላይ ደግሞ ከሥራ በኋላ ኦሞ ዳር ተቀምጦ ከንፈሩን ሊያሟሙቅ ሲል ቱሪስቶች ደረሱ። የካራን የነጭ ኖራ የገላ ሥዕል ሊያነሡ የመጡ ናቸው፤ ካሜራው ግን ወደሚያብረቀርቀው ናስ ዞረ። በዚያ አገር ፎቶ በነጻ አይነሣም፤ የዱስ ልጆች በደስታ እየዘለሉ «አስከፍል! አስከፍል!» አሉት። በዋጋው ተስማሙ። ፈረንጇ አንዷን ብቻ እንዲይዝ በእጇ አሳየችው። ቀጭኗን አነሣ፣ አስቀመጠ። ወፍራሟን አነሣ፣ ቀጭኗን ተመለከተ። በመጨረሻ ሁለቱንም ታቅፎ ቀና ሲል መኪናዋ አቧራ ሆናለች። ልጆቹ ግን አልሄዱም፤ ፎቶ ባይነሣም የምክራቸውን ድርሻ ጠየቁት።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ የሰከነ መስሎን ነበር። ትናንት በአጥር ብቅ ብሎ፣ በትሕትና፣ «እትዬ፣ መላ አገኘሁ» አለኝ። ኮርኔት የሚባል አለ አሉ፤ ድምፁ ከቀጭኗ ይለሰልሳል፣ ከወፍራሟ ይደምቃል፣ መሐል ላይ ያለ ሽማግሌ ነው። ያስታርቃቸዋል ብሎ አዝዟል። እኛም ዛሬ ቡና ላይ ተሰብስበን ሰንጠረዡ ለሦስት የሚከለስበትን ኮሚቴ አዋቀርን። ሰብሳቢው ጋሼ ናቸው፤ ጸሐፊነቱን እኔ ወስጃለሁ፤ ባለ ሁለት ስልኳ በሁለቱም ስልኮቿ ታስተባብራለች። ልጁን አባል እናድርገው የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ጊዜ የለውም ብለን ተውነው።