ሁላችንን ያስተማሩት አንድ መምህር

የአይኤልቲኤስን የእንግሊዝኛ ንግግር ፈተና ለመቀመጥ ወደ አዲስ አበባ የማሠልጠኛ ቤቶች ከሚመላለሱት ወጣቶች አንደበት የሚወጣውን ምስክርነት እንደ ቃለ ወንጌል አምነን ብንቀበል፣ ይህች አገር በጎንደርም በጅማም፣ በደሴም በሐዋሳም ባንድ ጊዜ ተገኝተው ያስተማሩ፣ ትዕግሥታቸው የማይነጥፍ፣ ድምፃቸውን በተማሪ ላይ ከፍ አድርገው የማያውቁ፣ የሒሳብን ትምህርት እንደ ጨዋታ አጣፍጠው የሚያስረዱ አንድ መምህር እንደ ነበሯት ማንም አይጠራጠርም። ባንድ ሰዓት በሁለት ስፍራ መታየት በገድላቸው የምናነብላቸው የቀደሙት ቅዱሳን ጸጋ ነበረ፤ የኛው መምህር ግን ከዚህ መዓርግ የደረሱት በጾምና በጸሎት ሳይሆን በፎቶ ኮፒ ነው።

ሥርዓቱን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማስረዳት ይገባል። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1989 ጀምሮ የሚሰጠው የዚህ ፈተና የንግግር ክፍል ከ11 እስከ 14 ደቂቃ የሚፈጅ ሲሆን፣ በመካከሉ ለተፈታኙ አንዲት ካርድ ትሰጠዋለች፤ ካርዲቱም ምናልባት የማይረሳውን መምህር እንዲገልጽ የምታዝ ትሆንና፣ ያሰላስል ዘንድ 1 ደቂቃ ከወረቀትና ከእርሳስ ጋር ተፈቅዶለት፣ ከዚያ በኋላ እስከ 2 ደቂቃ ይናገራል። ይህች የማሰላሰያ ደቂቃ ለሠለጠነ ተፈታኝ እጅግ አስጨናቂ ናት፤ የሚናገረው ሁሉ ከፎቶ ኮፒ ወረቀት አስቀድሞ ተሸምድዶ ያለቀ ስለ ሆነ፣ ፈታኙ እንዳይቀየም ግንባሩን ቋጥሮ፣ የሚያስብ መስሎ መቀመጥ አለበትና።

ተአምሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ሰልፍ ያዛባ፣ ባረፈደ ቁጥር ዩኒት ሊደሩ በጠጠር ላይ ያንበረከኩት፣ ጠጕሩን በመቀስ ገምሰው «ወላጅ አምጣ» ብለው ከበር የመለሱት፣ የክፍሉ አለቃ ስሙን ከረባሾች ተርታ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፍበት የኖረ ያው ልጅ፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ደንብ በተጠየቀ ጊዜ፣ ደንብ የመልካም ጠባይ መሠረት መሆኑን፣ ባንድ ወገን ሲታይ ጥቅም፣ በሌላው ወገን ሲታይ ጉዳት እንዳለው፣ በጠቅላላው ሲመዘን ግን ጥቅሙ እንደሚያመዝን፣ ጉልበቱን ጠጠር ነክቶት እንደማያውቅ የመንግሥታት ማኅበር መልእክተኛ ሆኖ ይተነትናል። ስለዚያ ጠጠርና ስለዚያ መቀስ በተሰባበረ እንግሊዝኛ እንኳ ቢናገር ኖሮ፣ የሰውን ሁሉ አንድ ዓይነት መልስ ሲሰማ የዋለው ፈታኝ ጆሮውን አቁሞ ባደመጠው ነበር፤ ነገር ግን እውነተኛ ታሪክ ለፈተና አይበቃም ተብሏል።

ይህን ልማድ የሚነቅፉ ሰዎች አሉ፤ እኔ ከነሱ ወገን አይደለሁም። የማሠልጠኛ ቤቶቹ ሊቃውንት እንደሚያስረዱን፣ ነጥብ የሚሰጠው ለንግግር ፍሰትና ቅንብር፣ ለቃላት ሀብት፣ ለሰዋስውና ለድምፅ አጠራር እንጂ ለእውነት አይደለም፤ በዚህስ አልዋሹም። በቃል ማጥናትም ከአባቶቻችን የወረስነው ጥበብ ነው ይሉናል፤ ይህንም ማን ይክዳል? ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር በቃሉ የሚወጣ ሰው ዛሬም በየደብሩ አለ። ብቻ ዳዊት ደጋሚው 150ውን መዝሙር «እኔ ራሴ ደረስሁት» ሲል አልተሰማም። በቅኔ ቤትም ቢሆን፣ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ወደ መወድስ የሚወጣው ደቀ መዝሙር ከመምህሩ ፊት የሚቀርበው የራሱን ቅኔ ቈጥሮ ነው፤ የባልንጀራውን ነጥቆ ቢመጣ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ግን እነዚያ መምህራን ለቪዛ አላስተማሩምና ምስክርነታቸው ሊታለፍ ይችላል።

አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ታሳስባለች። እስከ 9 በሚወጣው በዚያው መመዘኛ ላይ፣ በቃል የተጠና ንግግር በስም ተጠቅሶ የሚገኘው ከታችኞቹ እርከኖች ዘንድ ነው። በዚያም ላይ ንግግሩ ሲያበቃ ፈታኙ አንድ ሁለት አጫጭር ጥያቄ ሊጨምር ይችላል፤ «ከመምህርህ ጋር ዛሬም ትገናኛላችሁ?» ያለ እንደ ሆነ፣ እስካሁን ያለ እንቅፋት ይፈስ የነበረው አንደበት ወዲያው ይታሰራል፤ ፎቶ ኮፒው ስለ መገናኘት የሚለው የለምና።

በዚህ መካከል እውነተኛው መምህር፣ ኮታቸው በጠመኔ የነጣ፣ ሦስት ተማሪ ባንድ ዴስክ በተጨናነቀበት ክፍል እንግሊዝኛውን በአማርኛ እየፈቱ ያስተማሩ፣ አንድ ቀንም «አንተ ልጅ፣ ሰነፍ አይደለህም፤ ሰነፍ መምሰል ነው የምትወደው» ብለው ያስደነገጡት፣ በዚያች ካርድ ፊት ስማቸው ሳይነሣ ይቀራል፤ ስለ እሳቸው የተዘጋጀ ወረቀት በየትኛውም ሱቅ አይሸጥምና።

ክቡራን አሠልጣኞች ሆይ፣ እኒያን ሁላችንን ያስተማሩ መምህር ጡረታ አውጡልን፤ ደክመዋል። ይህ የማይሆን ከሆነ ግን ተፈታኙ ወረቀቱን እንዳይጥል እመክራለሁ፤ የፈተናው ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ብቻ ነው።