የአራተኛው ዜማ ውዳሴ

ቅዱስ ያሬድ ግእዝን፣ ዕዝልንና አራራይን ሠርቶ በሦስት ዜማ ብቻ ማለፉ፣ ጥበብ ጎድሎት ሳይሆን በዘመኑ የሞተር መጋዝ ስላልነበረ እንደ ሆነ፣ በመርካቶ ሰባተኛ ከሚባለው ሰፈር ወዲያና ወዲህ ባሉት ጠባብ መንገዶች ጆሮውን በእጁ ደፍኖ ያለፈ ሰው ሁሉ ሳይጠየቅ ይመሰክራል። ሊቃውንት ያልደረሱበት አራተኛው ዜማ እዚያ ተገኝቷልና። መቋሚያና ጸናጽል አያሻውም፤ ምልክቱም በብራና ላይ አልተጻፈም፤ አንዲት ካቻቪቴ፣ አንድ አሮጌ መጋዝ፣ ጥቂት ቤንዚንና የማይደክም ጣት ይበቁታል። ስሙም ጩኸት ይባላል።

ይህን ዜማ በሙሉ ማኅሌቱ ለመስማት የሚሻ ሰው ገዢ መስሎ ይምጣ። ከጅማ ወይም ከኢሉባቦር በኩል የመጣ፣ ገንዘቡን በጋቢው ጫፍ የቋጠረ አንድ ሽማግሌ፣ ሲሊንደሩ ከ100 ኪዩቢክ ሴንቲሜትር የሚበልጥ፣ ቀለሙ የተላጠ፣ ያነሣውን ሰው ወገብ እንዳለው የሚያስታውስ አንድ ትልቅ መጋዝ ፊት ቆሟል እንበል። ባለሙያው ገመዱን ሁለት ጊዜ ስቦ ሞተሩን ያስነሣዋል፤ ከዚያም በሚኒሞ ቆሞ እንዲሞቅ እንኳ ፋታ ሳይሰጠው የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ጨምቆ ይይዛል፤ በሌላው እጁ ያለችው ካቻቪቴ ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ትዞራለች፤ ሰማያዊው ጭስ ይሳሳል፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ በሥራ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው የሻይ ብርጭቆ እየተንቀጠቀጠ ወደ ጫፍ ይጓዛል፤ ባለሙያውም ፊቱ በርቶ፣ «አባቴ፣ ይስሙልኝ እንጂ! ኦርጂናል የጀርመን ነው፤ ጉልበት ማለት ይኼ ነው!» ይላል። ሽማግሌው ከተባለው ነገር አንዲት ቃል እንኳ ስላልሰማ በትሕትና ራሱን ይነቀንቃል፤ ራስን መነቅነቅም በመርካቶ ሕግ የስምምነት ፊርማ ነው።

እንጨት አምጡ ያለ የለም። አጠና ተራ የሚባል ሰፈር በዚያው በመርካቶ ውስጥ እያለ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባውም ባሕር ዛፍ የከተማውን ሰው ማገዶና ማገር ሲያቀርብ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት ሳለ፣ አንዲት ቁራጭ ግንድ አምጥቶ መጋዙ ይቆርጥ እንደ ሆነ መፈተን ለባለሙያው ነውር፣ ለገዢውም ጥርጣሬ ሆኖ ተቆጥሯል። መጋዝ የሚገዛው ሊሰማ ነውና።

በእውነቱ የሚያሳዝኑት የመጋዙ ሠሪዎች ናቸው። አንድሪያስ ስቲል እ.ኤ.አ. በ1926 በሽቱትጋርት ከተማ ሥራውን ከጀመረ ወዲህ የተነሡት መሐንዲሶች፣ ያን ሁሉ ዘመን በሒሳብና በሙከራ ሲደክሙ ኖረው፣ ከደጃችን የሚገኘውን ይህን ዕውቀት ሳያገኙ ቀርተዋል። እነርሱ በየዋህነታቸው፣ በካርቡሬተሩ ጎን ካሉት ትንንሽ ብሎኖች «ኤል» የተባለው ለዝቅተኛው ዙር፣ «ኤች» የተባለው ለከፍተኛው ዙር ቤንዚን እንዲመጥን፣ ሦስተኛውም ሚኒሞውን እንዲይዝ ብለው ሠሩ፤ ብሎኑ ወደ ቀኝ ሲዞር ቤንዚኑ እንዲያንስ፣ ወደ ግራ ሲዞር እንዲበዛ አደረጉ። ከዚህም ብሰው፣ ይህ ሞተር እንደ መኪና ሞተር የራሱ የዘይት ጉድጓድ ስለሌለው፣ ዘይቱን እንደ ዓይነቱ ለ25 ወይም ለ50 እጅ ቤንዚን አንድ እጅ አድርገው ቀላቅለው፣ ፒስቶኑና ኩሽኔታው ከሚቃጠለው ቤንዚን ጋር አብሮ በሚመጣው በዚያው ዘይት እንዲለሰልሱ ወሰኑ። እንግዲህ በእነርሱ ሥርዓት ቤንዚን የቀነሰ ሰው ዘይትም ቀንሷል፤ ሙቀቱንም በዚያው ልክ ጨምሯል። የእኛ ባለሙያ ግን ይህን ተራ ነገር አልፎ ሄዷል፤ ለእርሱ ወደ ቀኝ መዞር ወደ ጽድቅ መዞር ነው።

ሠሪዎቹ የጻፉት ሌላም አስቂኝ ነገር አለ። ትልቅ አሮጌ መጋዝ ምንም ሳይቆርጥ በሙሉ ነዳጅ ሲሮጥ ድምፁ ሊጠራ አይገባውም ይላሉ። በመጠኑ በዛ ያለ ቤንዚን ተሰጥቶት፣ አንዳንዱን ዙር ሳያቃጥል እየዘለለ፣ ባዶውን ሲሮጥ ይንተባተብ፤ ሰንሰለቱ ግንድ ነክሶ ሸክም ሲሰማው ያን ጊዜ መንተባተቡ ይጥፋና ድምፁ ይጥራ፤ ከግንዱም ሲወጣ እንደገና ይንተባተብ፤ ልኩ ይህ ነው ይላሉ። ሥራ ላይ ሲሆን አንደበቱ የሚፈታ፣ ሥራ ፈትቶ ሲቆም ግን የሚንተባተብ ፍጥረት መሥራታቸው እነዚህ ሰዎች አገራችንን ፈጽሞ እንደማያውቋት ያሳያል።

በአንዳንዶቹ አሮጌ ትላልቅ መጋዞች ደግሞ፣ ለዚህ መንተባተብ ዋስ እንድትሆን፣ በካርቡሬተሩ ውስጥ በሞላ የተያዘች አንዲት ትንሽ ኳስ አስቀምጠዋል። ዙሩ ከተወሰነለት ልክ ሲያልፍ ንዝረቱ ኳሲቱን ከመቀመጫዋ ያነሣታል፤ ተጨማሪ ቤንዚን ይገባል፤ ሞተሩ ይወፍርበትና ፍጥነቱን ራሱ ይገታል። ሌላ ባለሥልጣን ሳያስፈልገው ራሱን የሚገዛ መሣሪያ ነው። በእኛ ሠፈር የዚህች ኳስ ስም «ጉልበት ሌባ» ነው። መጋዙ በተፈታ ቀን ቀድማ ትፈረድባታለች፤ ቀዳዳዋ ይደፈናል፤ እርስዋም አሮጌ ብሎንና ያለቀ ካንዴላ በሞላበት ቆርቆሮ ውስጥ ትጣላለች። ልጓሙ የወለቀለት ሞተር ከዚያ በኋላ የሚያሰማውን ድምፅ ለሰማ ሰው፣ ሌባዋ መያዟ ፍትሕ ይመስለዋል።

እዚህ ላይ ሒሳብ ማስገባት ያስነውር ይሆናል፤ ሆኖም ለወግ ያህል ልበል። ፒስቶን ወደ ላይ ወጥቶ፣ ቆሞ፣ ተመልሶ ይወርዳል፤ ባቆሙትና በመለሱት ቁጥር ማያያዣ ዘንጉን የሚጎትተው ኃይል በዙሩ ልክ ሳይሆን በዙሩ ካሬ ያድጋል። በደቂቃ 8000 ጊዜ እንዲዞር የተሠራውን ሞተር ወደ 12000 ያወጣው ሰው ዙሩን በግማሽ ጨመረ፤ ኃይሉን ግን ከሁለት እጥፍ በላይ፣ ሁለት ነጥብ ሃያ አምስት ጊዜ አደረገው። ዛሬ የሚሠሩት ትንንሽ መጋዞች ፒስቶናቸው ቀላል ስለሆነ 13000ን ቢያልፉም ይችሉታል፤ አሮጌው ትልቅ መጋዝ ግን እንደ ዕድሜውና እንደ ክብደቱ በዝግታ በኃይል እንዲሠራ የተፈጠረ ነው። የጎረቤቱን ትንሽ መጋዝ የልጅ ድምፅ ሰምቶ የሚቀና ባለቤት ባይኖረው ኖሮ በክብር ያረጅ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ግን በኋላ ዘመን በተሠሩት መጋዞች ላይ የሚታየውን ጥበብ ነው። በእነዚህ፣ ልጓሙ ከካርቡሬተሩ ወጥቶ ወደ ኮይሉ ገብቷል፤ ዙሩ ከልክ ሲያልፍ የካንዴላው እሳት ይቋረጣል። እሳት ሲቋረጥ ሞተሩ ይንተባተባል፤ ይህ መንተባተብ ደግሞ በጆሮ ሲሰማ ቤንዚን ከበዛበት ሞተር መንተባተብ ለመለየት እጅግ ያስቸግራል። ስለዚህ ባለሙያችን ብሎኑን ወደ ቀኝ ያዞራል፤ ሞተሩ ቤንዚን አጥቶ ይፈጥናል፤ ፈጥኖም ከልጓሙ ሲደርስ ይንተባተባል፤ ባለሙያው «አሁንም ቤንዚን በዝቶበታል» ብሎ ወደ ቀኝ ይጨምራል። ሞተሩ እየተራበ ጠገብኩ ይላል፤ ሐኪሙም ጾም ያዝለታል። ዙር የሚቆጥር መሣሪያ በካንዴላው ሽቦ አጠገብ ቢያዝ ይህን ምሥጢር በአንድ አፍታ ይገልጥ ነበር፤ ነገር ግን ጆሮ ያለው ሰው መሣሪያ መያዙ ለጆሮው ስድብ ስለሆነ፣ እስከ ዛሬ ማንም አልደፈረም።

ደግሞ የአገሩ አቀማመጥ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ስለ ተቀመጠች የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ይጎድላል፤ አየሩ ሲሳሳ የቤንዚኑ ድርሻ ይበዛልና እዚህ ብሎኑን ጥቂት ወደ ቀኝ ማዞር ተገቢ ነው። በዚህ ነጥብ ባለሙያችን እውነት አለው፤ እውነቱን አልነፍገውም። ነገር ግን ሽማግሌው መጋዙን የሚያውለው ሰባተኛ ላይ አይደለም። በአውቶቡስ ጣራ አስጭኖ ወደ ቴፒ፣ ወደ 1200 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ወይም እስከ ጋምቤላ፣ ወደ 500 ሜትር። እዚያ አየሩ ወፍራም ነው፤ ብሎኑ ግን የደጋውን ልክ እንደ ያዘ ነው። በሰባተኛ በጩኸቱ ምክንያት ቀድሞውኑ የተራበው ሞተር ቆላ ሲደርስ ጭራሹን ይጠማል። የመጋዙን መድረሻ የጠየቀ ሻጭ ካለ፣ ዕቃውን ለመጫን እንጂ ብሎኑን ለመመጠን አይደለም።

የሚቀረው ታሪክ አጭር ነው። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ግንድ ላይ ድምፁ ከወትሮው የበለጠ ያምራል፤ ወዲያው ዝም ይላል። ፒስቶኑ ነክሷል። ሲፈታ፣ በጭስ መውጫው በኩል ያለው ፊቱ ከላይ እስከ ታች ተቧጭሯል፤ ፋሻው ከጉድጓዱ ጋር ተጣብቋል፤ ቡናማ መሆን የነበረበት የካንዴላው ጫፍ ነጭ ሆኗል። ሽማግሌው ወደ ሰባተኛ ይመለሳል። ምርመራ ይደረጋል፤ ጥፋተኛም በፍጥነት ይገኛል። ዘይቱ ነው፤ ዘይቱ ካልሆነ ቤንዚኑ ነው፤ ሁለቱም ካመለጡ መጋዙን የያዘው ልጅ ነው፤ «ጋሼ፣ ልጁ አያያዙን አያውቅም» ይባላል። በካቻቪቴዋ ላይ ምስክር የቆጠረ የለም። አዲስ ፒስቶን ከነፋሻው ይገዛል፤ ይገጠማል፤ ገመዱ ይሳባል፤ ዜማውም ካቆመበት ይቀጥላል።

በዚህ ሁሉ መካከል ስሟ ያልተነሣ አንዲት መሣሪያ አለች፤ ሞረድ ትባላለች። መጋዙ አልቆርጥ ሲል፣ ከሰንሰለቱ ሥር የሚወርደውን ጎንበስ ብሎ ማየት ብቻ ይበቃል፤ ጥርሱ የሰላ ሰንሰለት ቅርፊት የሚያህል ፍርፋሪ ይጥላል፣ የደነዘዘው ግን ዱቄት ያዘንባል። ዱቄት የሚያዘንብ መጋዝ መድኃኒቱ በየጥርሱ ላይ በልኩ የሚደረግ ጥቂት የሞረድ ምት ነው፤ ካርቡሬተር የሚያህል ምሥጢር መፍታት አይጠይቅም። ይሁን እንጂ ሞረድ ስትሠራ ድምፅዋ ከአጠገቡ ላለ ሰው እንኳ እምብዛም አይሰማም፤ ያልተሰማ ሥራ ደግሞ ዋጋ እንደማይጠየቅበት የታወቀ ነው። ስለዚህ ሰንሰለቱ ዶልዱሞ እያለ ሞተሩ ይጮኻል፤ እንጨቱም ተቆርጦ ሳይሆን ተፈጭቶና ተቃጥሎ ይከፈላል።

እኔ ግን ይህን ልማድ የሚያወግዙትን አልደግፍም፤ እንዲያውም ውለታው በአግባቡ አልተመዘነም ባይ ነኝ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ኮሶን፣ ዝግባን፣ ጽድንና ዋንዛን በየስማቸው ጠርቶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከለከለ፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1065 ደግሞ ጥበቃውን በብዙ አንቀጽ አጸናው። ሕግ አውጪዎቹ ይመስገኑ። ሆኖም በሸካና በካፋ ጫካ ውስጥ፣ በቁጥር 94ም ሆነ በቁጥር 1065 ያልቆመ ስንት መጋዝ፣ ሰባተኛ ላይ በዞረች አንዲት ግማሽ ዙር ብሎን እንደ ቆመ የሚያውቁት ዛፎቹ ብቻ ናቸው። ለእነዚህ ባለሙያዎች የደን ጥበቃ ኒሻን ሊሰጣቸው፣ ካቻቪቴያቸውም በአረንጓዴ ጥብጣብ ታስሮ በክብር ሊቀመጥ ይገባል። የደን ጠባቂው ዓይን ማረፍ የሚገባው በሌላ ሰው ላይ ነው፤ ሞተሩ ባዶውን ሲሮጥ የሚንተባተብ፣ ብሎኑንም በሚቆርጥበት ቦታ ከፍታ የሚያስተካክል፣ ሞረድ በኪሱ ይዞ የሚዞር፣ ብዙም የማይሰማ ሰው ከመጣ፣ እርሱን ሳይውል ሳያድር ይያዘው።