አንተ ቁም ነገር፣ እኛ ቁጭ ነገር

«የቤተሰብ ኮሜዲ ርካሽ ነገር ነው» አለን አያ ቁም ነገር። ሰማችሁልኝ? ርካሽ! ሽንኩርት እንኳ በኮራችበት ዘመን ርካሽ ነገር አግኝቶ እስከ ዛሬ ደብቆን ኖሯል። የት ነው ወንድሜ? ሰልፍ አለው? ለጎረቤትም ልያዝ?

«ቲያትር ቁም ነገር ሊኖረው ይገባል» ብሎ ደገመ። ቁም ነገር ካማረህ ታክሲ ተራ ሂድና ቁም። እኛ ቲያትር ቤት የምንገባው ቁጭ ልንል ነው፤ የከፈልነው ለወንበሩም ጭምር ነው። ደግሞስ ቁም ነገር ማለት አለመሳቅ ከሆነ፣ ብሔራዊ ቲያትር ደጃፍ ያለው የድንጋይ አንበሳ ያስንቅሃል። ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው ቆሟል፤ አንድ ቀን ሳቅ ሲያመልጠው አልታየም። ሐያሲ ነው ያለው ግን የለም።

ሰው ቲያትር ገብቶ ማልቀስ አለበት? ምነው፣ ለቅሶ ላማረው ሰው ትኬት ምን አስቆረጠው? ለቅሶ ቤት ግባ። ድንኳኑ ነጻ፣ አግዳሚው ነጻ፣ ንፍሮው በሰሃን። ሟቹም በመጨረሻ ተነስቶ እጅ አይነሳም፤ እስከ ጥግ ነው የሚጫወተው።

ይሄኔ ተቆጣ። «ሶፋ፣ አማት፣ አክስት፣ የቤት ሠራተኛ፣ ከገጠር ድንገት የመጣ አጎት! ይሄ ታሪክ ነው? እነ ሃምሌትን እዩ!» አየናቸው እኮ። አባቱን ማን እንደገደለው ለሃምሌት ለመንገር መንፈስ ከመቃብር መነሳት ነበረበት። እኛ ሠፈር መንፈስ አይደክምም፤ እትዬ ጎረቤት አሉ። ቡናው ቶና ሳይደርስ ገዳዩን፣ የገዳዩን ዘመድ፣ የገዳዩን የዕቁብ ዕዳ ጨምረው ይዘረግፉለት ነበር። ኦቴሎስ ቢሆን? በአንዲት መሐረብ ሰበብ ቤቱን አፈረሰ። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌ ይመጣል ሲባል ቤት ይጠረጋል። ቤት ሲጠረግ መሐረቧ ከሶፋው ሥር ትወጣለች። አለቀ! አያ ቁም ነገር፣ ትራጄዲ ማለት እኮ ጎረቤት ያጣ ኮሜዲ ነው። ያ የናቅከው ሶፋ ስንት ነፍስ አትርፏል መሰለህ።

«ጸጋዬ ገብረ መድኅን ቢሰማህ!» ብሎ አስፈራራኝ። ይስማኛ! ሃምሌትንና ኦቴሎን አማርኛ ያናገረው ጸጋዬ አይደል የሞልየርን ኮሜዲ «የፌዝ ዶክተር» ብሎ ያመጣልን? የምትምልበት ሰው ሲያስቅ ተይዟል፤ እጅ ከፍንጅ። ሞልየርን ካነሳን ዘንዳ፣ ርካሽ ነው ያልከውን ነገር እሱን ጠይቀው። እ.ኤ.አ. በ1673 ፓሪስ ላይ፣ ራሱ በጻፈው ኮሜዲ፣ ሳያመው አመመኝ የሚል ሰውዬ ሆኖ እየተጫወተ ሳለ እውነተኛው ሕመም ጠናበት። እያሳለ ትርኢቱን ጨረሰ፤ ቤቱ ወሰዱት፤ በሰዓታት ውስጥ ሞተ። የትራጄዲ ተዋናይ በየሳምንቱ ይሞታል፤ መጋረጃ ሲዘጋ ተነስቶ ድራፍቱን ይጠጣል። የምሩን የሞተው የእኛው ነው። አሁን ማን ነው የሚቀልደው?

ፈተናውንም እይ። ትራጄዲ ላይ ጸጥ ያለ ተመልካች ተመስጦ ይሁን ተኝቶ አይታወቅም። ኮሜዲ ላይ ያልሳቀ ወዲያው ይታወቃል። (አንተን ባለፈው ያወቅንህ በዚህ ነው። ለነገሩ ማንኮራፋትህም ረድቶናል።)

ቆይ፣ ትልቁ ነገር ገና ነው። «ይህች አገር ቲያትርን የጀመረችው በክብርና በቁም ነገር ነበር» አይለኝ መሰላችሁ! ኧረ በአውሬ ነው የጀመረችው! ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጻፏት የመጀመሪያዋ ዘመናዊ ተውኔታችን «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ትባላለች። ኮሜዲያዋ ስሟ ላይ ተለጥፏል፤ ማንበብ ብቻ ነው የሚጠይቀው። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደች። ርካሽ ነገር ይታገዳል እንዴ? ርካሽ ነገር ይሻማል እንጂ! ቤተ መንግሥቱ ቀልዱ ያኔውኑ ገብቶት ደነገጠ፤ አንተ እስከ ዛሬ አልገባህም።

መንግሥቱ ለማንስ ምን ልታደርገው ነው? የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ፣ ቅኔ የቆጠረ፣ ለንደን የተማረ። ስለ ዘውድና ስለ ጎራዴ ይጽፋል ብለህ ስትጠብቅ በ1950ዎቹ ምን ይዞልህ መጣ? «ጠልፎ በኪሴ»ን! ተማርኩ ባዩ የከተማ ጎረምሳ ሚስት በጠለፋ ላግባ ብሎ ሲዳክር። ቀጠለና «ያላቻ ጋብቻ»ን! ውጭ አገር ተምሮ የመጣ የትልቅ ቤት ልጅ ገጠር ገብቶ የቤት ሠራተኛውን ላግባ ሲል፣ አክስት ሆዬ ዘር ቆጥራ ስትነሳ። ሠራተኛና አክስት፤ አንተ የናቅሃቸው ሁለቱ! ማዕረግ፣ ዘር፣ ሀብት የተባለውን ሁሉ አንዲት ጓዳ ውስጥ አስገብቶ አፋጠጠው። ሳቁ ይጠልፍሃል፤ ነገሩን በኪስህ ይከትልሃል። ቤትህ ገብተህ ኪስህን ስትፈትሽ ነው የምታገኘው። የአንተ ኪስ ግን እንደ ፊትህ የተሰፋ ስለሆነ አይገባበትም።

ምን ቀረው? «ሕዝቡ አላዋቂ ስለሆነ ነው የሚሰለፈው» ብሎ አረፈው። የውድነህ ክፍሌ «ባቢሎን በሳሎን» ብሔራዊ ቲያትር ላይ ዓመታት ሲቆይ አላዋቂው ሁሉ እየተመላለሰ አየው፤ አዋቂው አንተ ብቻ ውጭ ቀረህ፣ ከአንበሳው ጋር። የጥንቷ ባቢሎን ቋንቋ ቢደበላለቅባት ግንቧ እንኳ ሳያልቅ ተበተነች። የእኛ ሳሎን በየማታው ይደበላለቃል፤ ራት ሲቀርብ ግን ሁሉም ትሪው ዙሪያ ነው።

ጥፋቱ የጆሮህ ሳይሆን አይቀርም። መድረክ ሲሉህ መድረቅ ሰምተህ ነው። እንግዲህ ተዋናይ የሚለውንም ቃል በዚያው ጆሮህ ቀስ ብለህ ስማው፦ ተው። ና። እይ። ለእሑድ ትኬት ቆርጠንልሃል፤ ወንበርህ ከአማትህ ጎን ነው።