ዶሮዎቹ የጠፉበት አድራሻ

እናቴ ግቢ እንቁላል ይጠፋ ነበር። አምስት ዶሮ ይዛ በቀን አንድ እንቁላል ስታገኝ ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም፤ ካሜራ ገዛሁ። ቴክኒሺያኑ ልጅ ሰቀለልኝና የቤቱን የኢንተርኔት አድራሻ ስልኬ ላይ አስገባልኝ። ሰኞ ቢሮ ቁጭ ብዬ ዶሮ ስጠብቅ ዋልኩ። አለቃዬ አንገቴን ደፍቼ ሲያዩኝ «በርታ» አሉኝ።

ማክሰኞ መብራት ሄደ። እሱ ተመልሶ መጣ፤ ዶሮዎቹ ግን ቀሩ።

«እማዬ፣ መብራት አለ?»

«አለ።»

«ዋይፋዩስ ያበራል?»

«ብልጭ ብልጭ ይላል።»

ለልጁ ደወልኩ። «ጋሼ፣ አይፒው ተቀይሮ ነው። የእርስዎ እኮ ዳይናሚክ ነው» አለኝ። መጀመሪያ ሙገሳ መስሎኝ ነበር።

ለካ የቤት ኢንተርኔት ኪራይ ቤት ነው የሚኖረው። አገልግሎት ሰጪው ካሉት አድራሻዎች አንዱን ለራውተሩ ለተወሰነ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ውሉንም ሊዝ ይሉታል። (ሊዝ ሲለኝ ለመሬቱም ልከፍል ነው ብዬ ደንግጬ ነበር።) ራውተሩ ሳይጠፋ ከቆየ ውሉ እየታደሰ ይቀጥላል፤ ጠፍቶ ሲበራ ግን ሌላ አድራሻ ሊደርሰው ይችላል። ፊልም ለሚያይ ሰው ይኼ ምኑም አይደለም። ከቤቱ ወጥቶ ሽንኩርት የሚገዛን ሰው የቤት ቁጥሩን ማን ይጠይቀዋል? ችግሩ ከውጭ እንግዳ ሲመጣ ነው፤ እዚህ ቤት ደግሞ እንግዳው እኔ ነኝ።

«ስታቲክ ያስገቡ፤ መብራት ቢሄድም አይቀየርም» አለኝ። ተጨማሪ ወርኃዊ ክፍያ አለው። በእንቁላል ባሰላው ሌባው ረከሰብኝ።

«ቁጥር እንዲህ ይወደዳል?»

«አልቆ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

እውነቱን ነው። የድሮው አይፒ፣ አራተኛው ስሪት፣ ያለው 4.3 ቢሊዮን ግድም አድራሻ ብቻ ነው፤ ዋናው የዓለም ጎተራ በ2011 እ.ኤ.አ. ተራግፏል። ስለዚህ ብዙ ደንበኛ በአንድ አድራሻ አጭቀው የሚያኖሩም አሉ። ራውተርዎ ከውጭ የተሰጠው ቁጥር በ100.64 ከጀመረ እርስዎም እዚያ ውስጥ ነዎት። አንድ የግቢ በር፣ ውስጡ ሃያ ተከራይ፤ መውጣቱ ለማንም አይከብድም፣ ከውጭ መጥቶ የሚያንኳኳን ሰው ግን ዘበኛው ወደ ማን ይምራው? የእኔ እንኳን እዚያ አልደረሰም።

ልጁ በመጨረሻ ዳይናሚክ ዲኤንኤስ የሚባል ነገር አበጀልኝ። እኔ የምጽፈው ስም ነው፤ አድራሻው በተቀየረ ቁጥር ራውተሩ ራሱ አዲሱን ከስሙ ጋር ያስመዘግባል። እስከዚያው ግን «እማዬ፣ መብራት አለ?» ማለት ልማድ ሆኖብኝ ነበር።

አርብ ግቢው ተከፈተልኝ። ውሻችን እንቁላል በአፉ ይዞ ካሜራውን ቀና ብሎ አየው። ወዲያው ደወልኩ።

«እማዬ፣ ሌባው ውሻው ነው!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ካሜራው ከመጣ ወዲህ በቀን ሦስቴ ትደውልልኛለህ» አለች።