ጂግጂጋ ሰማችን፣ አዳማ አልሰማችንም

አዳማን ከላይ ሆኖ ያያት ሰው ሜዳዋ ዙሪያውን በኮረብታ መታጠሩን አይስተውም። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ተዘርግታለች፤ ጋራዎቹ ደግሞ ከበላይዋ ቆመው ነፋሱን ይቀበሉላታል። የነፋስ ተርባይኖቹም የተተከሉት እዚያው ጋራው ላይ ነው። አዳማ 1 በ34 ተርባይኖች 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ 2 በ102 ተርባይኖች 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ የተሠሩ ናቸው። ነጭ ክንፎቻቸው ሲዞሩ ማየት ለሁሉም ደስ ይላል። ሬዲዮ የሚወድ ሰው ግን እነዚያን ጋራዎች ሲያይ አስቀድሞ የሚያስበው ሌላ ነገር ነው፤ “ሞገዴ ይህን እንዴት ይሻገራል?” ይላል።

የሆቴል ጥበቃዎችና የስብሰባ አስተባባሪዎች በእጃቸው የሚይዙት ዎኪ ቶኪ ብዙውን ጊዜ አምስት ዋት ቢሆን ነው። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ጋራ ሲገጥመው ይቆማል። የሚደርስበትን ርቀት ለመገመት ቀላል ስሌት አለ። የአንቴናውን ከፍታ በሜትር ወስዶ ስኩዌር ሩቱን ማውጣት፣ ከዚያ በአራት ነጥብ አንድ ማባዛት ነው፤ ውጤቱ በኪሎ ሜትር ይመጣል። በሰው ቁመት ልክ የተያዘ ሬዲዮ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ያያል ማለት ነው። ሁለት ሰዎች ገላጣ ሜዳ ላይ ቢቆሙ በስሌት እስከ 10 ኪሎ ሜትር ይሰማማሉ። ከተማ ውስጥ ግንብና ቆርቆሮ ሲገባበት ግን ርቀቱ ወደ አንድና ሁለት ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ዋት መጨመር ብዙ አይፈይድም፤ የሚፈይደው ከፍ ማለት ነው። ለምሳሌ የዝቋላ ተራራ 2,989 ሜትር ነው። በጥቅምትና በመጋቢት አቦ የዝቋላን ዳገት የወጣ ሰው፣ ሰማዩ ጥርት ካለ፣ የዝዋይን ሐይቅ ከዚያ አሻግሮ ማየቱን ይነግራችኋል። ዓይን ያለ ከልካይ የሚያየውን ቦታ የእጅ ሬዲዮም ይደርስበታል። ከዙሪያው ሜዳ 1,000 ሜትር ከፍ ላለ ቦታ ስሌቱ 130 ኪሎ ሜትር ይሰጣል።

እኔን ለዚህ ፍቅር የዳረገኝ ግን ዎኪ ቶኪ አይደለም፤ አጭር ሞገድ ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ያደገ የእኔ ዘመን ሰው ምሽት ላይ ሬዲዮ ከብበው የሚቀመጡ አባቶችን ያውቃል። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት እ.ኤ.አ. በ1965፣ የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1982 ተጀመሩ። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ከአዲስ አበባ ለአፍሪካና ለእስያ ያሰራጭ ነበር። አባቴ ጣቢያ የሚፈልገው አዝራሩን በጥፍሩ ጫፍ እየገፋ ነበር። ድምፁ ሲሸሽ አንቴናውን ወደ መስኮቱ ያዞራል፤ ሲመለስ ሁላችንም ትንፋሻችንን እንውጣለን። ያ ድምፅ ባሕር ተሻግሮ ቤታችን መግባቱ ያን ጊዜ ይደንቀኝ ነበር፤ ዛሬም ይደንቀኛል።

ካደግሁ በኋላ መቀበያ ሬዲዮ ገዝቼ ለተሻለ ድምፅ ከቤቴ ጣሪያ እስከ ግቢው ማንጎ ዛፍ ረጅም የመዳብ ሽቦ ዘረጋሁ። ለመስማት ብቻ ከሆነ 10 ሜትር ሽቦም ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ማታ ማታ ከሩቅ አገር የሚላኩ የሞርስ ምልክቶችና በእንግሊዝኛ እየተጠራሩ የሚያወሩ አማተሮች ይሰሙኝ ጀመር። አማተር የሚባሉት ፈተና ወስደው፣ ፈቃድ አግኝተው፣ ያለ ክፍያ ለዕውቀትና ለወዳጅነት በሬዲዮ የሚገናኙ ሰዎች ናቸው። እያንዳንዳቸው የጥሪ ምልክት አላቸው፤ ምልክቱ ሲጀምር አገሩ ይታወቃል። ለኢትዮጵያ የተሰጠው መነሻ ኢቲ ነው። የአዲስ አበባው ክለብ ጣቢያ፣ ኢቲ3ኤኤ፣ አምስት ኪሎ በሚገኘው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ነው ያለው። ኢቲ3ኤኤ አየር ላይ ሲወጣ ከብዙ አገር በአንድ ጊዜ ይጠሩታል፤ ከኢትዮጵያ የሚሰማ የአማተር ድምፅ ጥቂት ስለሆነ ያገኘው ሁሉ እንደ ክብር ይቆጥረዋል።

የማንጎው ሽቦ ግን ጣጣ አመጣብኝ። አንድ ጎረቤት ሽቦውን አይቶ ሌሊት የሚሰማውን የሞርስ ድምፅ ጨምሮበት ለጥበቃ ኮሚቴው “መልእክት ያስተላልፋል” ብሎ ነገረ። በማግስቱ በር ተንኳኳ። ሬዲዮዬን በፌስታል ይዤ ከሁለት ሰዎች ጋር ወደ ኮሚቴው ሄድሁ። እዚያ ያሉት ሰዎች ሥራቸውን እየሠሩ ነበር፤ ጠየቁኝ፣ መለስሁ። “ይሄ መቀበያ ነው፣ መላኪያ የለውም” ብል የሚያረጋግጥልኝ አልተገኘም። አንድ ሸበቶ ጠባቂ በር ላይ ቆመው ሲሰሙ ቆይተው ገቡ። “ልጄ፣ ስጠኝ እስቲ” አሉና ገልብጠው አዩት። “እኔ በጦሩ መገናኛ ነበርሁ። መላኪያ ቢሆን መነጋገሪያ ማይክ ወይም የሞርስ መምቻ ይኖረው ነበር፤ በሁለት የእጅ ባትሪ ድንጋይም ከአገር አያሻግርም” አሉ። ከፍተውም ዜና አሰሙ። ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ። እኒያ ሰው ሲሸኙኝ ሽቦውን ለሁለት ከፍዬ በየጎኑ 10 ሜትር እንድዘረጋውና ከመሀል ወደ ሬዲዮው መስመር እንዳወርድ መከሩኝ። ለ7 ሜጋ ኸርዝ የሚስማማው ልክ እሱ ነው። ትክክለኛ ትምህርቴን የጀመርሁት ከእሳቸው ነው።

ከሁሉ በላይ የማልረሳው ግን በአንድ ክረምት ከዓለም ጤና ከተማ ወጣ ብሎ የደረሰብን ነው። ሹፌር ጓደኛዬ የአንድ የእርዳታ ድርጅት ላንድክሩዘር ይነዳ ነበር። በበረዶ ሳጥን የታሸገ ክትባት ወደ አንድ ጤና ኬላ ስናደርስ ዶፍ ወረደብን። ዋልካው መኪናዋን እስከ አክሰሏ ዋጣት። መብራት ጠፍቶ ስለነበር የስልክ ኔትዎርክም አብሮ ጠፋ። በእጅ የያዝናት ትንሿ ሬዲዮ ከመንሿሿት በቀር ምንም አታሰማም። የቀረን በመኪናዋ የፊት መከላከያ ላይ የቆመው ረጅሙ አንቴና፣ የአጭር ሞገዱ ሬዲዮ ነው። ጓደኛዬ ማይኩን ይዞ የድርጅቱን የአዳማ ጣቢያ ጠራ። አዳማ በቀጥታ መስመር ከ50 ኪሎ ሜትር አትርቅም። ዝም። ደግሞ ጠራ። ዝም። ልጆቹ ክትባቱን እየጠበቁ ነው፤ በረዶው ደግሞ ይቀልጣል።

ድንገት የአንዲት ሴት ድምፅ ጥርት ብሎ ገባ። “ጥሪያችሁን ሰምቻለሁ፣ ጂግጂጋ ነኝ፣ ቀጥሉ፣ ኦቨር።” ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ሰማችን! ጓደኛዬ ያለንበትን ቦታ፣ የጫንነውን ነገር፣ የምንፈልገውን እርዳታ ነገራት። ቃል በቃል ደግማ አነበበችልን፤ እውነተኛ ኦፕሬተር የሚታወቀው በዚህ ነው። ከዚያ “ወንድሜ፣ አንቴናህን ወደ ኋላ አጉብጠህ በገመድ እሰረው፤ ወደ ታችኛው ቻናል ውረድና አዳማን እንደገና ጥራ” አለችው። አጎበጥነው፤ የጣሪያው መደርደሪያ ላይ አሰርነው። በመጀመሪያው ጥሪ አዳማ መለሰች። ጂግጂጋዋ እህታችን በስልክ ቀድማ ነግራቸው ስለነበር ትራክተር ፍለጋ ወጥተው ነበር። ክትባቱ በረዶው ሳያልቅ ደረሰ።

ምክንያቱ ሲገባኝ ነገሩ ይበልጥ ደስ አለኝ። አጭር ሞገድ የሚሄደው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ መሬት ለመሬት ሲሆን ቶሎ ይደክማል። ሌላው ወደ ሰማይ ወጥቶ ከ200 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ካለው፣ በፀሐይ ኃይል ከተሞላው የአየር ንብርብር ላይ ኳስ ግድግዳ ላይ እንደምትነጥር ነጥሮ ይመለሳል። ቀጥ ብሎ የቆመ አንቴና ሞገዱን ወደ አድማሱ አዘንብሎ ስለሚልከው ነጥሮ የሚያርፈው ሩቅ ነው። ስለዚህ መሬት ለመሬት የሚሄደው ካለቀበት፣ ነጥሮ የሚመለሰውም ከሚያርፍበት መካከል ማንም የማይሰማበት ቀለበት ይፈጠራል። አዳማ በዚያ ቀለበት ውስጥ፣ ጂግጂጋ ከቀለበቱ ማዶ ነበሩ። አንቴናው ሲጎብጥ ሞገዱ ሽቅብ ወደ ላይ ይወጣል፤ ፍሪኩዌንሲው ዝቅ ካለም ሰማዩን በስቶ ሳያልፍ በዙሪያችን ተመልሶ ይወርዳል። ጋራ አያግደውም፤ የሚመጣው ከላይ ነውና። ለስምጥ ሸለቆ ይህ ዕውቀት ወርቅ ነው፤ ገደልና ተራራ ለበዛበት አገር ሁሉም እንዲሁ።

የሚነጥርበት ሰማይ ደግሞ የእኛው ነው። የምድር መግነጢስ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ የአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የተቋቋመውም የምድርን መግነጢስ በዚህ ወገብ አጠገብ ለማጥናት ታስቦ ነው። የውጭ ተመራማሪ ባሕር አቋርጦ የሚያጠናውን ሰማይ የአዳማ ተማሪ ከቤቱ ጣሪያ በሽቦ ሊያዳምጠው ይችላል።

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ሲሰማ፣ ብዙ ሺህ ሰዎች ቀያቸውን ጥለው ሲወጡ ያቺን የጂግጂጋ ድምፅ አስታወስሁ። ምሰሶ ቢወድቅ፣ ኔትዎርክ ቢቋረጥ፣ መተሐራ ከአዳማ፣ አዳማ ከዝዋይ፣ ዝዋይ ከሻሸመኔ በምን ይነጋገራሉ? በሌላው ዓለም ጎርፍና ርዕደ መሬት ሲመጣ ቀድመው መልእክት የሚያደርሱት ብዙ ጊዜ አማተሮች ናቸው። ባትሪ፣ ሽቦና የሠለጠነ ጆሮ ይበቃቸዋልና።

ስለዚህ ቃሌን ለሚመለከታቸው ልንገር። በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የአማተር ፈቃድን ፈተናና ሥርዓት በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን አዘጋጅቶ ወጣቱ እጅ ያድርስ። የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እንደ አምስት ኪሎው ግቢ የራሱን ክለብ ጣቢያ ያቋቁም፤ አንቴና የሚሰቀልበት ጋራ ከደጁ አለለት። አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ያለ ፈቃድ መላኪያ አትንኩ፤ ሕግ ነው፣ የሌላውን የአደጋ ጥሪም ያውካል። ለማዳመጥ ግን መላኪያ አያስፈልግም። መቀበያ ሬዲዮ ግዙ፣ 10 ሜትር ሽቦ ዘርጉ፣ ለጎረቤቶቻችሁ ምን እንደሆነ ቀድማችሁ አሳዩ፣ ፀሐይ ስትጠልቅም ተቀምጣችሁ አዳምጡ። ጥሩ ኦፕሬተር የሚወጣው ከጥሩ አድማጭ ነው።