ጓንቱን ማን ያጥልቅ?

አገሩ ሁሉ አጥቂ ሆኗል፤ የሚያናድደኝም ይኸው ነው። የካዛንቺሱ ሻይ ቤታችን ከነሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ እኛ ሽማግሌዎች የምናመሸው መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ነው። ደረጃ ለጉልበታችን አይስማማም፤ ግን ሳይከፍሉ የሚቀመጡበት ሌላ ቦታ ከየት ይመጣል? ከሥራችን መኪና በምድር ቤት ተኝቶ ያድራል፣ እኛ ግን ብርድ ያቆራምደናል። ከፊታችን ማሊያ የለበሱ ልጆች ደረጃውን እየወጡ እየወረዱ ይሮጣሉ፤ ከጎናችን ደግሞ ማሊያ ለብሰው የማይሮጡት ቁጭ ብለው ይከራከራሉ። ክርክሩ ዘወትር አንድ ነው፦ ሜዳ ላይ ካሉት አሥራ አንድ ሰዎች የማን ቦታ ይበልጣል?

አንዱ «አሥር ቁጥር» ይላል። ሌላው «ስድስት ቁጥር ኳስ ነጥቆ ካልሰጠው አሥሩ ምን ይሠራል?» ይላል። ጢም ያላበቀለው ሦስተኛው «ሐሰተኛ ዘጠኝ» ይላል። በእኛ ዘመን ሐሰተኛ ምስክር እንጂ ሐሰተኛ ዘጠኝ አይታወቅም ነበር። ደግሞ የመስመር ተከላካዩ ወደ መሐል እየገባ አማካይ ይሆናል አሉኝ። ታዲያ መስመሩን ማን ይጠብቀዋል ስላቸው «ፋዘር፣ እሱማ ሮጦ ይመለሳል» አሉ። ፋዘር! ጋሼም አባባም የሚሉ አፎች የት ገቡ?

በረኛ የሚል ግን አንድም የለም። እኔ ስል ደግሞ ይስቃሉ። ሳቁ ከየት እንደመጣ አላጣሁትም። ልጅ ሆነን በጨርቅ ኳስ ስንራገጥ በረኛ የሚሆነው ወይ ወፍራሙ፣ ወይ ትንሹ፣ ወይ ደግሞ አዲስ ጫማ አድርጎ የመጣው ነበር። የኳሱ ባለቤትማ ሁልጊዜ አጥቂ ነው፤ እምቢ ካላችሁት ኳሱን አንስቶ ወደ ቤቱ ይገባል፣ ጨዋታውም እዚያው ያበቃል። ግቡ ሁለት ድንጋይ ስለሆነ «ገባች»፣ «በላይ ሄደች» የሚለው ሙግት ከጨዋታው ይረዝማል። የተሸነፍን እንደሆነ ግን ሙግት የለም፤ ጥፋተኛው በድንጋዮቹ መሐል የቆመው ልጅ ነው።

እስቲ ጥር 13 ቀን 1954ን ላስታውሳችሁ። የቃና ዘገሊላ ማግስት፣ እሑድ ነው፤ የትልልቆቹ ጠላ ገና ከራሳቸው አልወረደም። እዚህ አጠገባችን ባለው ስታዲየም ሰው በሰው ላይ ተደራርቧል። የሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፣ ከግብፆች ጋር። 35ኛው ደቂቃ ላይ ገባብን። 74ኛው ላይ አቻ ሆንን፤ 75ኛው ላይ እንደገና ገባብን! እልል ያለው ሰው አፉን እንኳ አልዘጋም ነበር። 84ኛው ላይ ሉቺያኖ ቫሳሎ አቻ አደረገን። በጭማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ 101ኛው ላይ፣ መንግሥቱ ወርቁ 117ኛው ላይ ጨመሩና 4 ለ 2 አለቀ። አምበሉ ሉቺያኖ ዋንጫውን ከጃንሆይ እጅ ተቀበለ።

ይህን ሁሉ ማንም ይነግራችኋል። «በረኛውስ ማን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ እስቲ፤ ደረጃው ሙሉ ሰው ሰማይ ሰማዩን ያያል። ጊላሚካኤል ይባላል። ከ75ኛው ደቂቃ በኋላ፣ ጭማሪው ሰዓት ሁሉ ሲቆጠር፣ መረቡን አላስነካም። አንዲት ኳስ ሾልካበት ቢሆን ኖሮ መንግሥቱንም ሉቺያኖንም የምናነሳቸው በቁጭት ነበር። አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ራሳቸው በጉብዝናቸው ለጊዮርጊስ ግብ ሲያገቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ኋላም ከ1964 አንስቶ በ1979 እስኪያርፉ ድረስ የአፍሪካን እግር ኳስ በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሹመት እንኳ በፊት መስመር በኩል እንደሚመጣ ከዚህ ተረዱ።

ልጆቹ «ይሄማ የጥንት ነው» አሉኝ። ደግ፣ የራሳችሁን ላምጣላችሁ። ለ2005ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ ከሱዳን ጋር ስንፋለም አገራቸው ላይ 5 ለ 3 ሸኙን። በጥቅምት መልሱን እዚሁ ስታዲየም ስንጫወት አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ አንድ አንድ አገቡ፣ 2 ለ 0 አሸነፍን፣ ከ31 ዓመት በኋላ አለፍን። ጩኸቱና የመኪናው ጥሩምባ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ግን ሒሳቡን አብረን እንሥራው፤ ድምሩ 5 ለ 5 ነው፤ ያሳለፈን ከሜዳችን ውጪ ያገባነው 3 ግብ ነው። ሱዳን እዚህ አንድ ብታገባ ኖሮ 6 ለ 5 ተሸንፈን፣ አዳነም ሳላዲንም በከንቱ ደከሙ ይባል ነበር። የሁለቱን ግብ ባለቤቶች ሕፃን ልጅ ይጠራቸዋል። የዜሮው ባለቤትስ?

ዋንጫው ደቡብ አፍሪካ ነበር። የመጀመሪያ ጨዋታችን ጥር 13 ቀን 2005፣ ከ1954ቱ ፍጻሜ ልክ በ51ኛ ዓመቱ፣ ዋንጫውን ከያዘችው ዛምቢያ ጋር። ሳላዲን ፔናልቲ መታ፣ በረኛው ኬኔዲ ምዊኔ አዳነው። እናንተ ግን እስከ ዛሬ «ሳላዲን ሳተ» ነው የምትሉት፤ በረኛ ጎበዝ ሲሆን እንኳ ወሬው የአጥቂው ነው። በ35ኛው ደቂቃ ደግሞ የእኛው በረኛ ጀማል ጣሰው እግሩን አንስቶ በቀይ ካርድ ወጣ። በ10 ሰው ታግለን 1 ለ 1 ወጣን። ጥር 21፣ በአስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ከናይጄሪያ ጋር ስንጫወት ሲሳይ ባንጫም በቀይ ወጣ። ሦስቱም ቅያሪ አልቋል። አዲስ ሕንጻ ከሜዳ ተጠርቶ የሰው ጓንት አጠለቀ። ለእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች፣ ቴሌቪዥን ፊት የነበረ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚበልጠው ቦታ የቱ እንደሆነ በትክክል ገብቶት ነበር። ሐሰተኛ ዘጠኝ ይግባልን ያለ አልሰማሁም።

አንዱ ልጅ ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ ቀና አለ። «ፋዘር፣ መሐል ላይ ያለውን ጨዋታ ዘለሉት። ቡርኪና ፋሶ በረኛዋ በቀይ ወጥቶባት፣ በ10 ሰው ነው 4 ለ 0 የቀጠቀጠችን። በረኛ ይህን ያህል ከሆነ እንዴት አሸነፈች?» ስልክ ለልጅ የመስጠት ትርፉ ይህ ነው። «ሌላ በረኛ ተክታ እንጂ ግቧን ከፍታ አልተወችም!» አልኩት። መልሴ ጥሩ ነበር፤ ያጨበጨበልኝ ግን የለም።

በረኛን የበደልነው እኛ ብቻ ብንሆን ባልከፋኝ። ብራዚል በፈረንጆቹ 1950 የዓለም ዋንጫን ሜዳዋ ላይ ለኡራጓይ አስረክባ፣ ጥፋቱን በረኛዋ ባርቦሳ ላይ ጣለችና በ2000 እስኪሞት አልተፋታችውም። ባሎን ዶርን ከበረኞች መሐል ያገኘው የሶቪየቱ ሌቭ ያሺን ብቻ ነው፤ እሱም በ1963። ይህ አልበቃ ብሎ በ1992 በረኛን ጓደኛው በእግሩ ያቀበለውን ኳስ በእጁ እንዳይነካ በሕግ ከለከሉት። ለመሆኑ ያ ሰው ሜዳ ላይ ከእጁ ሌላ ምን ነበረው? አሁንማ በእግሩ ካልተቀባበለ በረኛም አይባል። ግቡ አፋፍ ላይ ቆሞ አጥቂ ሲሸውድ ሳይ ስኳሬ ይነሳል፤ እዚህ ስኳር የሌለባቸው ሰዎች ሁለት ቢሆኑ ነው።

አጠገቤ የሚቀመጠው እኩያዬ፣ በጉብዝናዬ ግራ ክንፍ ነበርኩ የሚለው (ያየው ሰው በሕይወት የለም)፣ ነገሩን ወደ ሩጫ ወሰደው። «ሩጫም የቡድን ነው» አለኝ። «አቴንስ ላይ ቀነኒሳና ስለሺ እየዞሩ ኃይሌን ሲጠብቁት አላየህም? እግሩን አሞት አምስተኛ ወጣ እንጂ እነሱ ወርቁንም ብሩንም ይዘው በዓይናቸው የሚፈልጉት እሱን ነበር። የሚበልጠው ቦታ የሚጠብቀው ሰው ቦታ ነው።» ከአፉ ነጠቅኩት። «ጠባቂ አልክ አይደል? እኔስ ምን አልኩ፣ ግብ ጠባቂ አይደል ያልኩት?» ተቆጥቶ ጋቢውን ተከናንቦ ዞረ።

ይህን ጊዜ ያ ስልክ የያዘው ልጅ ተረታ። «እሺ ፋዘር፣ አመንኩ። ዋናው በረኛ ነው፤ አሥር ቁጥርም ዘጠኝ ቁጥርም ከሱ በታች ናቸው» አለኝ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሻይ ልጋብዘው ኪሴ ገብቼ ብር ሳወጣ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። የቤቲንግ ትኬት ነው።

«ዛሬ ማታ ሁለቱም ቡድን ያገባል ብዬ ቆርጫለሁ» አለ። «ሁለቱም በረኞች አንድ አንድ ካስገቡልኝ በላሁ ማለት ነው። እውነትዎን ነው፣ ሁሉም ነገር በነሱ እጅ ነው!»

ብሩን ወደ ኪሴ መለስኩት።