ሚዛን ተቀምጦ ሚዛን ማስመጣት

እንግዲህ እኩዮቼ፣ ጉልበታችሁ ከድቷችሁ ምላሳችሁ ብቻ የቀረላችሁ ሁሉ፣ ጠጋ በሉና ስሙኝ። ውሃ ቅመም ያስፈልገዋል ተባለ። ቡናው አላልኩም፤ ውሃው!

እኔ ሠላሳ ዓመት ፊያት ኤንትሬ ነድቼ የበበቃንና የቴፒን ቡና ወደ አዲስ አበባ ያመላለስኩ ሰው ነኝ። ያኔ መንገድ ነበር! ክረምት ላይ ከጅማ ወዲህ ጭቃው መኪናዋን ጥርቅም አድርጎ ይይዝና ሦስት አራት ቀን ዛፍ ሥር እየተጨዋወትን እንሰነብት ነበር። አሁን አስፋልት አነጠፉበትና ሾፌሩ ከማንም ጋር ሳይተዋወቅ ይደርሳል። ቡናውም በፈረሱላ ነበር የሚቆጠረው፤ አሥራ ሰባት ኪሎ፣ ተሸካሚው በትከሻው የሚያውቀው። የምኖርባት ከተማ ራሷ ሚዛን ተፈሪ ነበረች፤ ከአማን ጋር አጋብተው ሚዛን አማን አሏት። ሠርጉ ላይ ስላልተጠራሁ እኔ በድሮ ስሟ ነው የምጠራት።

ወደ ውሃው ልመለስ። የልጅ ልጄ ኬሚስትሪ ተምሮ መጣና ጓዳ ውስጥ ሦስት ጠርሙስ ደረደረ። አንዱ ላይ «ካልሲየም»፣ አንዱ ላይ «ማግኒዥየም»፣ ሦስተኛው ላይ «ሶዳ» የሚል ወረቀት ለጥፏል። ማግኒዥየም የተባለውን ከፍቼ በምላሴ ብቀምሰው፣ ለካስ ያ ድሮ ሆዳችን ሲደርቅ ጤና ጣቢያ በብርጭቆ አሟሙተው ያጠጡን የነበረው መራር ጨው ነው! እሱን ጠጥቶ ከጓሮ ያልተሯሯጠ እኩያ ካለኝ እጁን ያውጣ። ይህንን ነው እንግዲህ ለእንግዳ በሚቀርብ ቡና ውስጥ የሚጨምረው። ሶዳው ደግሞ ቢካርቦኔት ነው፤ ቡናው ቃር ሲለቅብኝ በየማታው የምወስደው። እሱ መድኃኒት ነው፤ ቡና ውስጥ ምን ይሠራል?

«አባባ፣ ቁንጥር እኮ ነው» ይለኛል። ቁንጥር ቢሆን ኖሮማ መቼ እንጣላ ነበር! 2.45 ግራም መራር ጨው በአንድ ሊትር ውሃ ያሟማል። 1.68 ግራም ሶዳ በሌላ ሊትር። ከዚያ ከመጀመሪያው 80፣ ከሁለተኛው 40 ሚሊ ሊትር ይቀዳና 880 ሚሊ ሊትር «ባዶ ውሃ» ላይ ይጨምረዋል። ካልሲየሙን እንደ ቡናው ጠባይ አንድ ቀን ያገባዋል፣ አንድ ቀን ይተወዋል። የሚመዝንበትን ያቺን የመዳፍ ስፋት ያላት ሚዛን ያስመጣት ከአሜሪካ ነው። ሚዛን ተወልዶ፣ ሚዛን አድጎ፣ ሚዛን ያስመጣል!

ባዶ ውሃ የሚለው የዝናብ ውሃችንን ነው። እስክሪብቶ የመሰለች ነገር ይነክርበትና ቁጥር ያነባል። ከቆርቆሯችን የወረደው ዝናብ ከአሥር በታች አሳየው። «ምንም የለውም» አለኝ። እንደኛ አገር ለሚዘንብበት ሰው «ዝናብህ ምንም የለውም» ማለት ስድብ ነው ወይስ አይደለም? ምንጩም ቢሆን፣ ዝናቡ አፈሩን ሲያጥብ ስለኖረ ቀጭን ነው፤ ድሬዳዋ ቢሆን ካልሲየሙ ይተርፍ ነበር አለ። ድሬዳዋን ለእኔ! ማንቆርቆሪያው ውስጡ ነጭ ቅርፊት ሲያበቅል በቢላ እየፋቅን እናፈላ ነበር። ቡናው ኖራ ኖራ ይላል። እንደዚያ ያለ ቡና አሁን ከየት ይገኛል?

ነገሩን የጀመሩት ፈረንጆች ናቸው። በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ክሪስቶፈር ሄንደን የሚባል ኬሚስት፣ ቡና ቤት ካላቸው ከኮሎና-ዳሽውድ ባልና ሚስት ጋር ሆኖ፣ በ2014 እንደነሱ አቆጣጠር፣ ማግኒዥየምና ካልሲየም ያለው ውሃ የቡናውን ጣዕም ጎትቶ እንደሚያወጣ ጻፈ። ሶዳው ደግሞ የቡናውን ኮምጣጣነት ይገራል፤ ሲያንስ ጥርስ ያጠርሳል፣ ሲበዛ ቡናው ድዳ ይሆናል። ይህን ሁሉ ልጁ ሲያስረዳኝ ዝም ብዬ ሰማሁትና አንድ ነገር ጠየቅኩት። የጌሻ ቡና በ1930ዎቹ ከዚሁ ከኛ ጫካ ተወስዶ፣ በታንዛኒያና በኮስታሪካ ዞሮ፣ ፓናማ ደርሶ በ2004 ዓለሙን ጉድ ሲያሰኝ (ዓመቱም የፈረንጅ ነው፤ ዓመቱም እንደ ቡናው ሄደብን) ጫካ ውስጥ ማን ማግኒዥየም አጠጣው? መልስ የለውም።

እኛ ቤት ቡና ንጹሕ ነበር። ምንም አይገባበትም። ጨው ብቻ። ጨውና ጤና አዳም። ለእንግዳ ቅቤ። ብርድ ሲሆን ኮረሪማ፣ ጉንፋን ሲሆን ዝንጅብል። ቅጠሉ ጨሞ ሆኖ ሲፈላ ደግሞ ቃሪያውም ነጭ ሽንኩርቱም ይገባል፤ እሱ ያው ጨሞ ነው። ከዚያ በተረፈ ንጹሕ ቡና!

የዚህ ሁሉ መምህር ቨርጂኒያ ያለው ልጄ ነው። ባሕር ያጣች አገር ልጅ ሳሎኑ ውስጥ ባሕር አቁሟል። የመስታወት ሳጥን ጨዋማ ውሃ ሞልቶ ኮራል የሚባል ድንጋይ ያሳድጋል። «ድንጋይ አይደለም አባዬ፣ ነፍስ ያለው ነው፤ ቤቱን የሚሠራው ውሃው ውስጥ ካለው ካልሲየም ስለሆነ እየጨረሰብኝ ነው» ይለኛል። እንደ እውነተኛው ባሕር በሊትር 400 ሚሊ ግራም ያህል ካልሲየም፣ 1,300 ገደማ ማግኒዥየም ካላገኘ ይከሳል አሉ። እኔ ስከሳ ማን ለካኝ? የተዘጋጀው ውድ ነው ብሎ ራሱ ይበጠብጥለታል። ካልሲየም ክሎራይዱ እዚያ አገር የመንገድ በረዶ ለማቅለጥ የሚበተነው ነው። ሶዳውን ደግሞ ያለ ዱቄት፣ ያለ እርሾ፣ ምድጃ ውስጥ ከትቶ በ150 ዲግሪ አንድ ሰዓት ይጋግረዋል። ምን ሆኖ ይወጣል? ያው ነጭ ዱቄት! ጋዙና እርጥበቱ ስለሚወጣ ይበረታል ይላል። እናቱ ድፎ ስትደፋ አንድ ቀን ኮባ ቆርጦ ያላቀበለ ልጅ፣ ዛሬ ለድንጋይ ይጋግራል።

ባለፈው ጓዳውን ላስተካክል ብዬ ሦስቱንም ጠርሙስ አንድ ጀሪካን ውስጥ ገለበጥኳቸው። ሦስቱም ጨው አይደሉም? ቆይቶ ደፈረሰ፤ ሲያድር ከሥሩ ነጭ አተላ ዘቀጠ። የልጅ ልጄ እሪ አለ። «አባባ፣ ካልሲየሙና ሶዳው ሳይቀጥኑ አይገናኙም! ተያይዘው የኖራ ድንጋይ ሆኑ እኮ!» ቨርጂኒያም ተደውሎ ተነገረብኝ፤ እዚያም ጠርሙሶቹ ለየብቻ እንደሚቀመጡ፣ ሳጥኑ ውስጥም በየተራ እንደሚጨመሩ ተነገረኝ። ጨው ከጨው ተጣልቶ ለየብቻ የሚኖርበት ዘመን!

የግብርና ባለሙያው ደግሞ አፈርህ ኮምጥጧል፣ ኖራ ጨምርበት እያለ ስንት ዓመት ነዘነዘኝ። አፈር መድኃኒት አይፈልግም ብዬ አባርሬዋለሁ። አተላውን ጓሮ ካለችው ቡና ሥር ደፋሁት፤ ለመጣል ነው። በዚያው እናቴ ታደርግ እንደነበረው የምድጃውን አመድ በተንኩላት።

ልጁ እንደ ገና ሊመዝን ሲቀመጥ ላሳፍረው ፈለግሁ። እጅ ነው ሚዛን አልኩትና በሦስት ጣቴ ጨው ቆንጥሬ በሚዛኑ ላይ ጣልኩ። 0.9 አለ። ጠርጌ ደገምኩ፤ 1.4። ሠለስኩ፤ 0.6። ልጁ በጨዋ ደንብ አቀርቅሮ ዝም አለ። ሃምሳ ዓመት ያልተሳሳተ እጅ ስለሆነ ሚዛኑ እንደተበላሸ ወዲያው ገባኝ። ቨርጂኒያ ደወልኩና ሌላ ደህና ሚዛን፣ ከተገኘም ከዚህኛው ይበልጥ አርቅቆ የሚያነበውን፣ በመጀመሪያው መንገደኛ ቶሎ እንዲልክልን ነገርኩት።